አንድ ማሳ ብቻ ይጠጣል

ስህን ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ዶማዋን በትከሻዋ አድርጋ፣ የቦዩን ዳር ይዛ ሽቅብ ትሮጣለች። ፀሐይ የአምባሰልን አናት ገና መንካቷ ነው። ጎኗን ይወጋታል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ቢሆንም አልቆመችም። ትንሿን ልጇን ጸዳለን እንቅልፏን ሳትጨርስ ቀስቅሳ፣ ጎረቤቷ ዙሌይካ ደጃፍ ላይ ትታት ነው የመጣችው። በዚያ የኅዳር ውርጭ፣ ያለ ኩታ! «ያዥልኝ፣ መጣሁ» ብቻ አለቻት። ዙሌይካ ጨቅላዋን ታቅፋ ብቅ ብላ «ምነው አንች? ጅብ አባረረሽ?» ስትላት ጀርባዋን ሰጥታት ሮጠች። ምን ብላ ትመልስ? «ዛሬ ሊወስዱሽ ነው» ተብሎ ለአራስ ይነገራል?

ነገሩን ያወጣላት ፈንታሁን ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር። ጎህ ሲቀድ ምንሽሩን አንግቶ በአጥሯ ጥግ ሲያልፍ፣ ሳይቆም፣ ፊቱንም ወደ እሷ ሳያዞር ነው የተናገረው።

«ካሚዮኖቹ ሐይቅ ከተማ አድረዋል። ዛሬ ካድሬው ጓድ ማዕረግ ማሳ ለማሳ ዞሮ ያያል። ማሳቸው ከደረቀው እየመረጠ ለሰፈራ ያነሳል።»

«ሰፈራ? የት?»

«ወለጋ ይሁን ኢሉባቦር እኔ ምን አውቄ! አንች ግን አትፍሪ። ያንች አረንጓዴ ነው።»

«የኔ ብቻ ነው እንዴ? የአንተስ ውሃ እኔ ማሳ ውስጥ እየገባ አይደለም?»

«ዝም በይ! እኔ አልነገርኩሽም፣ አንችም አልሰማሽኝም» ብሎ እርምጃውን አፈጠነ።

ይህን ክፉ ወሬ ለመረዳት የመንደራቸውን የገደሮን ቦይ ማወቅ ያስፈልጋል። የገደሮ ሰው ንጉሥ ሲወርድም ደርግ ሲመጣም ያልተለወጠ አንድ ዳኛ ነበረው፤ ይኸው ቦይ። ውሃው ከአምባሰል ገደል ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ በድንጋይና በጭራሮ ተጠልፎ፣ ተራራውን እየታከከ እስከ መንደሩ ግርጌ ይወርዳል። የማንም አይደለም። አይሸጥም፣ አይገዛም፣ የሚያተርፍበትም የለም። የሚያዝዝበት ውሃ አባት ነው፤ ውሃ አባት ደግሞ ሁልጊዜ የሚመረጠው ማሳቸው ግርጌ ላይ ካለ ሰዎች ነው። ከራስጌ ቢመረጥ ጠጥቶ ይተኛል። የግርጌ ሰው ግን ውሃው የሁሉን ደጅ አልፎ እስኪደርሰው ዓይኑን አይከድንም። ደመወዝ የለውም፤ ምርቃት ነው የሚያገኘው፣ በጠብ ቀን ደግሞ እርግማን። የዓርብ ውሃ የክርስቲያኑ ነው፣ የእሑድ ውሃ የእስላሙ። አንዱ ፈጣሪው ፊት ሲቆም ሌላው ያጠጣል። ክረምት ሲወጣ ሁሉም ዶማውን ይዞ ቦይ ጠረጋ ይወጣል፤ የቀረ ሰው ቂጣና ማር ይቀጣል። ቅጣቱ ሥጋ ያልሆነው እስላምና ክርስቲያኑ ከአንድ ገበታ እንዲቆርሱ ታስቦ ነው። ውሃ የሰረቀን ግን ማርም አያወጣው። ሲሞት መቃብር የሚቆፍርለት ያጣል።

የመጨረሻው ሕግ ለክፉ ዓመት የተጠበቀ ነው። ውሃው ለየማሳው የሚከፈልበት መክፈያ ላይ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ውሃው ወገቡ ድረስ መሙላት ያቃተው እንደሆነ፣ ለሁሉም አካፍሎ ሁሉንም ማድረቅ የለም። እጣ ይወጣና አንድ ማሳ ብቻ ይጠጣል። ሌላው ሁሉ የየራሱን የውሃ አፍ በገዛ እጁ በጭቃ ይደፍናል። ያ ማሳ ሲደርስ ምርቱ ለዘር ይከፈላል እንጂ እሸቱን ማንም አይቀምስም፤ ባለ ማሳውም ቢሆን፣ የባለ ማሳው ልጅም ብትሆን።

ባለፈው ሰኔ ዝናቡ አልመጣ ሲል እጣው ለስህን ወጣ። ባሏን የቀበረችው በዋዜማው ዓመት ስለነበር ሰው «እግዜር አይቷታል» ብሎ እልል አለ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሄዶ የውሃውን አፍ ደፈነ። የዙሌይካ ባል ኑርዬ ማሳው ከስህን ማሳ በአንድ ክትር ብቻ ነው የሚለየው። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ሲቃጠል እያየ፣ ማማው ላይ ቆሞ ለስህን ወፍ ይጠብቅላት ነበር። አንድ ቀን ጸዳለ ርቧት ከእሸቱ አንድ ዘለላ ቀጥፋ አፏ ስታደርግ፣ ስህን እጇን መታ ከአፏ ፈልቅቃ አወጣችው። እናት ናት እኮ! የልጇን አፍ በጣቷ ፈልቅቃ! ከዚያ ዘለላውን ለውሃ አባት ወስዳ አሳየች፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን የልጇን እጅ ይዛ አለቀሰች።

ያን ጠዋት ውሃ አባቱ አያ ሙዘይን መክፈያው ድንጋይ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ብረት የተሰካበት ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጋድመው ነበር ያገኘቻቸው። ስታለከልክ አይተው ሳቁ።

«ቀስ በይ ልጄ፤ ውሃ እንኳ ሽቅብ አይሮጥም።»

«አያ ሙዘይን፣ ውታፎቹን እንንቀላቸው። ለሁሉም ማሳ ይለቀቅ፤ አሁኑኑ!»

«አሞሻል?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። ከታች የሐይቁ ውሃ በማለዳ ብርሃን ያብረቀርቃል። ያን ያህል ውሃ ተኝቶ፣ አንድ ጠብታው እንኳ ዳገት አይወጣላቸው!

«ዛሬ ብንለቀው ምን ሊፈይድ?» አሉ በመጨረሻ። «የተቃጠለ ማሽላ በአንድ ጠዋት ይለመልማል?»

«አፈሩ ይረጥባል! ጠቁሮ ይታያል። ውሃ አለን፣ እናጠጣለን ለማለት ይበቃል።»

«ያንች ማሽላ ወተት ይዟል። አሁን የተጠማ እንደሆነ ፍሬው ገለባ ነው። ገደሮ ውስጥ ሌላ ዘር የለም፤ የየጓዳችንን በልተን ጨርሰናል።»

«ሰው ከሄደ ዘሩ ለማን ነው?»

«ዘር ካለቀስ ሰው ምን ሊሆን ይቀመጣል?»

ስህን ዶማዋን አንስታ ወደ ኑርዬ ውታፍ ሄደች። አያ ሙዘይን እንደዚያ መፍጠን ይችላሉ ብሎ የገመተ የለም፤ ቀድመዋት ደረሱና ከነጋቢያቸው ጭቃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡበት።

«በይ እንግዲህ ቁፈሪ» አሏት። «ከእኔ ጀምሪ።»

ዶማው አየር ላይ ቆየ። ምነው በጣለችው! ምነው ገፍታቸው በቆፈረች! አላደረገችውም። ገደሮ ተወልዳ ውሃ አባት ላይ እጇን የምታነሳ ሴት አልነበረችም። ዶማውን አወረደች።

«አብሽሪ» አሉ አያ ሙዘይን፣ ጭቃቸውን እየጠረጉ። «እኔ ራሴ ለካድሬው አስረዳዋለሁ። እነሱ ቀን ከሌት የጋራ፣ የጋራ ይሉ የለ? የእኛን የጋራ ስላላወቀው ነው እንጂ ቢሰማ ይገባዋል።»

«አይንገሩት! በእስጢፋኖስ ይዤዎታለሁ! ማሳው ለምን ደረቀ ብሎ ቢጠይቅ፣ ዝናብ ጠፋ ይበሉት፤ ውሃው ነገ ይመጣል ይበሉት...»

«በእርጅናዬ ልዋሽ?»

የገደሮ ሰው ሕመሙ ይህ ነበር። ሥርዓቱ ለእሱ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ስለሆነ፣ የሰማው ሁሉ የሚያከብረው ይመስለዋል።

ረፋዱ ላይ ካድሬው መጣ። ጓድ ማዕረግ ገና ወጣት ነው፤ ካኪው የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ የድምፅ ማጉያውን በማሰሪያው ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ። ክፉ ሰው በፊቱ ይታወቃል ይባላል። አይታወቅም። ሲያነጋግር ፈገግ ይላል፣ ሕፃን ሲያይ ጉንጭ ይዳስሳል፤ የጸዳለንም ጉንጭ ዳስሶላታል። ከኋላው ታጣቂዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ሕዝቡ በማጉያው ተጠርቶ የስህን ማሳ ዳር ተሰብስቧል። በተቃጠለው ሜዳ መካከል ያ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ዓይን ይወጋል።

«የማን ነው ይህ?» አለ ካድሬው።

«የሁላችን ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያ ሙዘይን ወደፊት ወጥተው።

«ጌታ ቀርቷል አባቴ። ጓድ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።»

ሰው ሳቀ። ካድሬውም ሳቀ። ስህን ብቻ አልሳቀችም፤ የጸዳለን እጅ አጥብቃ ይዛ፣ የሽማግሌውን ከንፈር ታያለች።

አያ ሙዘይንም ነገሩት። የዓርቡን ውሃ፣ የእሑዱን ውሃ፣ የግርጌውን ሹመት፣ የጠረጋውን፣ የማሩን ቅጣት፣ እጣውን። አንዳች አላስቀሩም። ሲናገሩ ጀርባቸው ቀና አለ፤ ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ሆነ። ካድሬው ደግሞ ጥሩ ሰሚ ነበር። አላቋረጣቸውም፣ ሲጠይቅም ደህና ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

«ሌሎቹ ውሃቸውን ሲተዉ ማንም አላስገደዳቸውም?»

«ማን ያስገድዳል? በየእጃችን ነው የደፈንነው።»

«ያልተስማማ የለም?»

«እጣ ነው። ከእጣ ጋር ማን ይጣላል?»

«ልጆቻቸው እየተራቡ፣ እሸቱን የነካ የለም?»

አያ ሙዘይን ጸዳለን አየት አደረጉና ዓይናቸውን መለሱ። «የለም» አሉ።

ካድሬው አጨበጨበ። ታጣቂዎቹም ሲያዩት አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ግራ እየገባው አጨበጨበ። ዙሌይካ ጨቅላዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጭኗን እየመታች አጨበጨበች፣ ወደ ስህንም ዞራ «ይኸው፣ ገባው እኮ!» አለቻት።

«ጓዶች!» አለ ካድሬው ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ። «የማይሰማ፣ ያልተደራጀ፣ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ነው ያለው ተብዬ ነበር የመጣሁት። እናንተ ግን ተደራጅታችሁ ጨርሳችኋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ በዚህ ድንጋይ ላይ ምን ይሠራል? ዝናብ የማያልቅበት አገር ብወስዳችሁ በዓመቱ ጎተራ ትሞላላችሁ። ከየመንደሩ ጥቂት ቤት እየመረጥኩ ነበር የማነሳው። ከዚህ ግን አልመርጥም። ማኅበሩ እንዳለ ይሄዳል።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ጮኸች። ስህን ልጇን እየጎተተች ካድሬው ፊት ደረሰች።

«ጓድ፣ ማሳቸው የደረቀው ለእኔ ብለው ነው! ውሃቸውን ለእኔ ሰጥተው ነው!»

«አውቃለሁ እህቴ። አሁን ተነገረኝ እኮ።»

«ስለዚህ ተዋቸዋ!»

«ውሃውን በፈቃዳቸው ከተዉ ማሳቸውንም በፈቃዳቸው ትተዋል ማለት ነው። አንች ትቀሪያለሽ። የጋራ ማሳ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሲደርስ ደግሞ እንነጋገራለን።»

«ጓድ...» አሉ አያ ሙዘይን። ጀርባቸው እንደገና ጎብጧል። «እኔ የነገርኩህ እኮ እንድታውቅ ብዬ ነው።»

«ስላወቅሁ ነው አባቴ» አለ ካድሬው፣ ትከሻቸውን ቸብ አድርጎ።

በዚህ ጊዜ ኑርዬ ከሰው መካከል ፈትለክ ብሎ ወጣ። ዶማውን ይዞ ወደ ውታፉ ነበር የሮጠው፤ ስህን ጠዋት ያሰበችው ነገር ለእሱ አሁን ገና መጣለት። አንድ ጊዜ ቆፍሮ ጭቃው ሲላቀቅ፣ ታጣቂው በሰደፍ ፊቱን መታው። ወደቀ። ውሃው በቀዳዳው ሾልኮ በጉንጩ ሥር አልፎ፣ ወደ ደረቀው ማሳው ጥቂት ተንፏቆ ሰመጠ። ታጣቂው በጫማው ጭቃውን መልሶ ደፈነው። ስህን ይህን አይታ «እህህ» አለች፤ ከደፋኙ ጫማ ይልቅ የውሃው መስመጥ ነበር ያንገበገባት።

«ሊቀ መንበር» አለ ካድሬው ወደ ፈንታሁን ዞሮ። «አንተስ የዚህ የውሃ ማኅበር አባል ነህ?»

«ነኝ... ማለቴ፣ ነበርኩ፣ ጓድ።»

«ማሳህስ?»

ፈንታሁን ዓይኑን ወደ ደረቀው ማሳው ጣለ። ምንሽሩን ከትከሻው አወረዱለት። ማታ ሌላውን ሰው ሊነዳበት አስቦ የወለወለው ምንሽር ነው። ማንም አላዘነለትም፤ ማዘኛ ጊዜ አልነበረም።

ቁልቁል ሲነዷቸው ያገኘውን ይዞ የወረደ ወረደ። አንዱ ሞፈር ተሸክሟል፣ አንዷ ባዶ ሞሰብ። እንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚያነሳውን አያውቅም። ዙሌይካ ጨቅላዋን አዝላ በእጇ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ ነበር፤ ሙቀጫው ግን ቤት ቀርቷል። ኑርዬ ደሙ በጺሙ ላይ ረግቶ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ይሄዳል። አያ ሙዘይንን የደገፋቸው የለም። ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። አንዲት ሴት ግን አላዞረችም፤ ቆማ «ምላስዎ ይቆረጥ» አለቻቸው። «አሚን» አሉ ሽማግሌው።

አስፋልቱ ላይ ካሚዮኖቹ ጭስ እየተፉ ቆመዋል። ሰዉን እንደ እህል ጆንያ ነው የጫኑት፤ አሮጊት በብብቷ እየተነሳች፣ ሕፃን በአንድ እጁ እየተንጠለጠለ። ስህን ጸዳለን አዝላ እስከዚያ ተከትላ ወርዳለች። ያቆማት የለም፤ የምትቀር ሰው ናት፣ ምን ያደርግላቸዋል! ዙሌይካ ካሚዮኑ ጫፍ ላይ፣ ሳንቃውን ተደግፋ ቆማለች። ስህን ሮጣ ሄዳ ሳንቃውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔም እሄዳለሁ። ጸዳለን ተቀበይኝ!»

«ምን?»

«ተቀበይኝ ነው የምልሽ! ባዶ አገር ከልጅ ጋር ምን ልሠራ? ጅብ ሊበላን ነው? እሳት የምጭርበት ጎረቤት የለኝ፣ ብታመም ውሃ የሚያቀብለኝ የለኝ። ዙሌይካ፣ ልጄን ያዥልኝ!»

ዙሌይካ አልያዘችላትም። ከበስተኋላዋ አያ ሙዘይን ከሰው መካከል አንገታቸውን አውጥተው ጮኹ፤ «ስህን! ዛሬ ካልጠጣ ይመነምናል! ወተት ላይ ነው ያለ!» የጠሏቸው ሁሉ፣ የረገመቻቸው ሴት ሳትቀር፣ አብረዋቸው ጮኹ። «ተመለሽ! ሂጅ አጠጪ!»

«ሰማሽ?» አለች ዙሌይካ። «ልቀቂ።»

«አልለቅም።»

«ልጄ ሳይጠግብ ነው ያ ማሳ የጠገበው። ኑርዬ ነው ወፍ የጠበቀው። አንች ከመጣሽ እኔ ምን አለኝ ብዬ ልመለስ?»

«አትመለሽም ዙሌይካ! ማን ይመልስሻል?»

ይህን ባላለች! ዙሌይካ ዘነዘናውን አነሳች። የመጀመሪያውን ስትመታት ስህን ቀልድ መሰላት፤ አብረው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲላፉ ነው የኖሩት። ሁለተኛው የቀኝ እጇን ጣቶች ሳንቃው ላይ ጨፈለቃቸው። ዙሌይካ እያለቀሰች፣ ንፍጧ ከእንባዋ ጋር እየወረደ፣ ጨቅላው ጀርባዋ ላይ እየተወዛወዘ ትመታለች። «ልቀቂ! ዘሬን ጥለሽ የት! ልቀቂ!» ስህን በግራዋ ስትይዝ ግራዋን መታችው። ታጣቂዎቹ እየሳቁ ያያሉ። ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ ስህን ከነልጇ አስፋልቱ ላይ ቀረች።

ዳገቱን ስትመለስ ጸዳለ በእግሯ እየሄደች፣ ቀሚሷን ይዛ አንዳንዴ ወደ ኋላ ትዞራለች። ደጆች ሁሉ ክፍት ናቸው። የአንዱ ቤት ምድጃ ገና ይጨሳል። ስህን የትም አልገባችም፤ ቀጥታ ወደ ማሳው ሄደች። በሰልፉ ግርግር ክትሩ ተረግጦ ፈርሶ ውሃው ወደ መንገዱ ይፈስሳል፤ ማሽላው ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ዶማውን ልታነሳ ሞከረች። ጣቶቿ አብጠው አልጨበጡላትም። ዶማውን ተወችና በተረከዟ ጭቃውን እየገፋች ክትሩን መጠገን ጀመረች። በግራ እግሯ ትገፋለች፣ በቀኙ ትረግጣለች። ጸዳለ ሳትታዘዝ ተንበርክካ በእጆቿ ጭቃ ታቀብላለች።

ውሃው ዞሮ ወደ ማሽላው ገባ። ስህን እየጠበቀች ቆመች፤ ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ከላይ ያሉት ቤቶች ለእራት ውሃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲያጠጡ፣ ቦዩ ጎድሎ ጎድሎ ክር ይሆን ነበር። ያን ዕለት እንስራ የሚያጠልቅበት አልነበረም። ቦዩ እየሞላ መጣ፤ መክፈያውን አልፎ፣ ክትሩን እየላሰ፣ ሙሉውን ለእሷ መጣላት። ያን ዓመት እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።